ዱቄቱ ላይ የቀረው አውራ ጣት

መጋቢት 2፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም ወጣች፣ ማስታወሻዬ። በቀን ብርሃን። ፖሰም የሌሊት እንስሳ ናት፤ ክረምቱ ሲረዝም ግን ረሃብ ያወጣታል። ቤቷ ከኋላ በረንዳችን ሥር። የጆሮዋ ጫፍ በውርጭ ጠቁሯል። ጭራዋ ፀጉር የለውም። ዘሯ ከደቡብ የመጣ፤ ለዚህ ለሰሜኑ ለስካርቦሮ ብርድ አልተፈጠረችም። ባለቤቴ ትርንጎ፣ «አይጥ» ትላታለች። አረምኳት፦ ባለ ኪስ ናት፣ ልጆቿን ሆዷ ላይ ባለው ኪስ የምታሳድግ። «መምህር፣ ደወል ተደውሏል። አስወጣልኝ!» አለች።

መጋቢት 3፣ ጠዋት 2፡30
የምትገባበት ቀዳዳ ደጃፍ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። መውጣቷን ዱካዋ ይነግረኛል፤ ያኔ እዘጋለሁ። አትጎዳም።
4፡00። ዱካ አለ። ነፋስ በትኖታል፤ አንድ አውራ ጣት ብቻ ጥርት ብሎ ቀርቷል። ወደ ውጭ ያመለክታል። ወጥታለች። ጣውላ፣ ስምንት ምስማር። አለቀ።

መጋቢት 4
ባለቤቴ ት. በረንዳው ሥር የሚቧጥጥ ነገር አለ ትላለች። እኔ አልሰማሁም። ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ የምትረሳውን እንድመዘግብ ልጃችን ነግራኛለች። አራት ጽፌያለሁ። አምስተኛ፦ የሌለ ድምፅ መስማት።

መጋቢት 5
ድምፁ ደከመ አለችኝ። ጆሮሽ ነው አልኳት። ለልጃችን ደወልኩ፤ እናትሽ ብሶባታል አልኩ። ት. አጠገቤ ቆማ ነበር። እንድትሰማ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ በሆዷ ተኝታ አገኘኋት፣ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጥፋ። ጎረቤት ያያል። ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ስድስተኛ።

መጋቢት 6፣ ጠዋት 4፡30
ድምፁ ቆሟል ትላለች። «ደስ ይበልህ፣ ተሻለኝ» አለች ት.።
ቁጭ ብዬ ስለ እንስሳዋ እግር አነበብኩ፤ ሥዕል አለው። የፖሰም የኋላ እግር አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ወደ ኋላ ያፈነግጣል። ስትገባ ወደ ውጭ ያመለክታል ማለት ነው። እየገባች ነበር።

5፡00። ጣውላውን ነቀልኩ። በጎኗ ተጋድማለች። አፏ ተከፍቷል፣ ምላሷ ወጥቷል። ስትፈራ የሞተች መምሰል የታወቀ ጠባይዋ ነው፤ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ወንበር አመጣሁ።

9፡00። አልተነሣችም። ት. መጣች። «ሞታለች። ወይስ ይሄ ደግሞ ዓይኔ ነው?»
ኪሷ ግን ይንቀሳቀሳል።

10፡00። ት. ኮል አድርግላቸው ብላ ጮኸችብኝ። ለዱር እንስሳት ማዳኛ ማዕከል ደወልኩ። ልጆቿ ጡት ይዘዋል፣ እንዳትነቅሏቸው፣ ከነእናታቸው አምጧቸው አሉ። በሹራቤ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ አስገባናት። ሁለት አውቶቡስ። ካርቶኑን ት. ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች።

መጋቢት 7፣ ጠዋት
ትናንት ማታ ደክሞኝ አልጨረስኩም። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። አራቱ በሕይወት አሉ። የማዕከሉ በጎ ፈቃደኛ ይተርፋሉ አላለችም። ፎርም ሰጠችኝ። ቀዳዳውን የዘጋው ማን ነው? ይላል። ት. በትከሻዬ በኩል አነበበች። «የኔን ስም ጻፍ። ነገ እረሳዋለሁ፣ አይከብደኝም።»
ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ከተዘጋ በኋላ ድምፅ ተሰምቷል? አዎ። ባለቤቴ ሰምታለች። ነግራኛለች። አላመንኳትም።

ዛሬ ከዝርዝሩ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሰረዝኩ። አራቱ እውነት ናቸው፤ ቀጠሮው አይቀርም። ት. ቁርስ ላይ አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። ሦስቱን እየሳቀች አመነች፤ ሁለቱን እንዲያውም አሳመረቻቸው። አራተኛው፦ አምና ለሞተችው እኅቷ ስልክ መደወል።
ሳቋን አቆመች። እኅቴ መቼ ሞተች? አለችኝ።

ዕቃ ረስቻለሁ ብዬ ወደ መኝታ ቤት መጣሁ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ሻዩ ፊት ለፊቷ እየቀዘቀዘ ትጠብቀኛለች። ተመልሼ እነግራታለሁ።