በግቢዎ ውስጥ ስለማይታመመው ሞተር

ለተከበሩ የመኪና አስመጪው ድርጅት የጥገና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በየቀኑ ሳያስቸግር ከቤት ቢሮ ለሚያደርስዎ መኪና ጤና እመኛለሁ። እኛም ደህና ነን ልል ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ደህና አይደለችም። ጎረቤቴ ስል ግድግዳ የምንጋራትን ልብስ ሰፊ ማለቴ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከደከሙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሴት ልጇ ባለፈው ወር መንታ ተገላግላ ገና ከአልጋ አልወረደችም፣ ወንዱ ልጇ ደግሞ ሥራው ሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ የኩላሊት እጥበት ወደሚደረግላት ክሊኒክ የማደርሳት እኔ ነኝ። ትናንት ሐሙስ አልደረስንም። ዛሬ ፊቷ አብጧል፣ ጫማዋም እግሯን አላስገባ ብሏታል። እኔም አንድ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ፣ ሌላውን መስኮቱ ሥር የቆመው መኪናዬ ላይ አድርጌ ይህን እጽፍልዎታለሁ።

መኪናውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ትንሽ ነው፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ የቤንዚን ሞተር። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም የሰጣችሁኝን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በአንድ ሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል፤ እውነት ነው፣ ሲሄድ ይሄዳል። ከቆመበት ተነስቶ መቶ ለመድረስ አሥራ ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል ይላል። ከቆመበት ለመነሳት ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ የሚናገረውን ገጽ ግን ፈልጌ አጣሁት። በእኔ ሰዓት ሃያ አምስት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሳያስል፣ ሳያንገራግር፣ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት እንኳን ሳያበራ፣ መንገድ መሃል ቀጥ ይላል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያርፍና ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ምስጋናዬንም ጭምር፣ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ዘይቱን በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ካንዴላውን፣ የአየሩንና የቤንዚኑን ማጣሪያ በየጊዜያቸው እናንተው ጋ አስቀይሬያለሁ። የጥገና ደብተሬ በእናንተ ማኅተም ያሸበረቀ፣ ለሙሽራ የሚሰጥ የመሰለ ነው። ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን መኪናው መሃል መንገድ ሲቆም ከኋላዬ ጡሩምባ ለሚነፉት ሰዎች አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ መኪናው ሲሞቅ ይቆማል ብዬ ባመለከትኩ ቁጥር ማታ አምጥቼ እንዳሳድር፣ ጠዋት እንዲፈተሽ ታዘዝኩ። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ሞተር ጠዋት ሲነሳ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ይህንንማ እኔም አውቃለሁ። አምስት ጊዜ አሳደርኩት፣ አምስት ጊዜ «ችግር አልተገኘም» ተብሎ ታጥቦ ተመለሰልኝ። ስለ እጥበቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ትኩሳት የያዘውን ሰው ትኩሳቱ እስኪለቀው አስተኝቶ፣ ከዚያ ለክቶ ጤነኛ ነህ ማለት ትልቅ ጥበብ ነው።

ሦስተኛ፦ እኔም ጥበብ ልማር ብዬ አንድ ቀን መኪናውን ሊቆም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነድቼ፣ በትኩሱ በርዎ ላይ ደረስኩ። ዘበኛዎ ጨዋ ሰው ነው፤ እጅ ነስቶ ሞተሩን እንዳጠፋ ለመነኝ፣ ግቢው ውስጥ ሞተር አስነስቶ ተራ መጠበቅ በደንባችሁ የተከለከለ ነውና። ጥላ ያለበት ቦታ እንኳን ፈልጎልኛል። ተራዬ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲደርስ ሞተሩ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ዕድል ቀናኝና ከበርዎ አሥር እርምጃ ሲቀረው ራሱ ቆመ። እየሮጥኩ ገብቼ ኑ እዩልኝ፣ ቆሞላችኋል አልኩ። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዎ ከግቢ ውጪ ያለ መኪና እንደማይታይ በትሕትና አስረዳኝ። ዘበኛው፣ እኔና አንዲት ብርቱካን ሻጭ ገፍተን አስገባነው። ቅጹ ተሞልቶ እስኪያልቅ ሃያ አምስት ደቂቃው ሞላና ሞተሩ ተነሳ። ስድስተኛው «ችግር አልተገኘም» ያን ዕለት ተመታልኝ።

አራተኛ፦ ምናልባት አነዳዴ ይሆን እንደሆነ፣ ባለቤቴም መጥተው ቢያስረዱ መልካም እንደሚሆን ተነገረኝ። ባለቤቴ መንዳት አይችልም። ይህን መኪና የሚያውቀው በመግፋት ብቻ ነው፤ ስለ ኋላ መብራቱ ግን ከፈለጉ በዝርዝር ያስረዳዎታል።

አምስተኛ ልል ነበር፤ መቁጠሩን ልተወውና የትናንቱን ልንገርዎ። ክሊኒኩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የዘገየ በሽተኛን ወንበር ለሌላ ይሰጣል። አይፈረድባቸውም፣ ወንበሩ ትንሽ፣ ሰው ብዙ ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ኮፈኑን ከፍቼ እንደሚያውቅ ሰው አቀርቅሬ አየሁ፤ ታክሲ ላስቆም ብሞክር ሁሉም ሞልቶ ያልፋል። ልብስ ሰፊዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ቦርሳዋን አቅፋ ሰዓቷን ታያለች። ቀልድ አይጠፋባትም፣ «እኔና መኪናሽ አንድ ቀን ተያይዘን ነው የምንቆመው» አለችኝ። ሳቅኩላትና ተመልሼ ኮፈኑ ሥር አቀረቀርኩ። ስንደርስ ወንበሯ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ነርሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቅዳሜ በጊዜ ኑ፣ ከቅዳሜ ካለፈ ግን ልቧም አይችለውም አለችን። ከክሊኒኩ ደጅ ላይ ሆኜ ይህንኑ ለቢሮዎ ስደውል፣ መረጃዬ እንደተመዘገበ ተነገረኝ። ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አንድ ቴክኒሻን መሣሪያውን ይዞ ግማሽ ሰዓት አጠገቤ ይቀመጥ፤ ሞተሩ ሲሞትም በዓይኑ ይየው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ቦታም አለን፤ መመሪያው መኪናው አምስት ሰው ይይዛል ይላል። ቴክኒሻን ከጠፋ እርስዎም ቢመጡ ደስታችን ነው፤ መግፋት አይከብድም፣ ጫማ ብቻ ይምረጡ።

ደንብዎ እንዳይዛነፍ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ በግቢዎም አንድ ስንኳ የሞቀ ሞተር እንዳይገባ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ስድስት ጊዜ ተመርምራ ምንም ያልተገኘላት ታዛዥ ደንበኛዎ

ፖስታውን ሳላሽግ የተጨመረ፦ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዱ ቴክኒሻንዎ በእግሩ መጣ። ስሙን አልነግርዎትም፤ ሰባት ናቸውና የትኛው እንደሆነ ማወቅ ካሻዎት ሰባቱንም አንድ በአንድ ጠርተው ያመስግኗቸው። የትናንቱን የስልክ መልእክቴን አይቶ ነው። ከሞተሩ ጎን አውራ ጣት የምታህል ነገር ፈታ። ሞተሩ መዞሩን ለመኪናው ኮምፒውተር የምትናገረው እሷ ናት፣ ስትሞቅ ዝም ትላለች አለኝ። ከተጣለ ሞተር የነቀላትን ሌላ ገጠመልኝ፤ ሃያ ደቂቃም አልፈጀበት። ከዚያ አብረን አንድ ሰዓት ተኩል ነዳነው፣ አልቆመም። ነገ እንደርሳለን። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ችግሩን እንደሚያውቀው፣ ግቢ ውስጥ ላልታየ ብልሽት ዕቃ እንዳይወጣ ግን እርስዎ እንዳዘዙ ነገረኝ። እንግዲያው ደብዳቤውን ልተወው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «አይ፣ ይላኩት እንጂ እናቴ። በዚሁ ነገር የመጡ ሌሎች አሥራ አንድ መኪናዎች አሉ፣ ሁሉንም ችግር አልተገኘም ብለን መልሰናቸዋል» አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ ቆይታ፣ «አሥራ አንዱስ ማንን ጭነው፣ ወዴት ነበር የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀችው። መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።