የእናቴን የበር መጥሪያ ከጉብኝቱ ያውጡልኝ

ለክቡር የከተማችን የጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይም ከቤትዎ የወጣ ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን “የካፖርቷ ልጅ ወንድም” በሚል ነው። የስልክ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ታናሽ እህቴ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥታ ቤት አልገባችም። ካፖርቷ በመሥሪያ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ፣ በደረጃው መደገፊያ ላይ ተጣጥፎ ተገኘ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። አገር ሁሉ የየራሱን መላ ምት ሰጠ። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት በበኩሉ ጉብኝት አዘጋጀ፦ ስልክ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የምትመላለስበትን መንገድ፣ በመጨረሻም የእናቴን በር። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እርስዎ ከሁለቱም አይደሉም፤ የሚልሱትን ሰልፍ አስይዘው ያስተናግዳሉ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ደረጃውን ቀለም ስለቀቡልን እናመሰግናለን። ለፎቶ የሚመች ብርሃን ያለው ሁለተኛው ፎቅ ነው ተብሎ፣ ካፖርቱ የተገኘበት ቦታ አንድ ፎቅ ወደ ታች መውረዱን አይቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ንቅንቅ ያላለው ምርመራ በእርስዎ ዘመን ቢያንስ አንድ ፎቅ ተንቀሳቅሷል።

፪ኛ. ካፖርቱን ከፖሊስ ንብረት ክፍል አስወጥተው በስልክ ቤቱ አንድ ክፍል በመስታወት ሣጥን ስላኖሩልን እናመሰግናለን። ያንን ካፖርት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲገኝ የግራ ኪሱ ከሥሩ ተቀዶ ነበር፤ ሰው ጎትቷት እንደሆነ የሚጠቁም ሌላ ነገር በእጃችን አልነበረም። ባለፈው ወር እንደማንኛውም ጎብኚ ተሰልፌ ገብቼ ሳየው ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ኪሱም በማሽን ተሰፍቷል። ክፍሉን የምትጠብቀውን ሴት ብጠይቃት፣ የተቀደደ ልብስ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ስለሆነ እንዲጠገን መደረጉን በትሕትና አስረዳችኝ። ስፌቱ ንጹሕ መሆኑን በሙያዬ እመሰክራለሁ።

፫ኛ. እህቴ ቁልፍ መያዝ አትወድም ነበር። መጥሪያውን ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋ ትደውላለች፤ እናቴም በዚያ ታውቃታለች። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለጉዳዩ መርማሪ ነው፤ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ከቃሌ ሥር ፈርሜ ሰጠሁት። እውነትም ጠቀመ። መርማሪው ጡረታ ወጥተው የእርስዎ አስጎብኚ ሆነዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሰው አስከትለው ደጃችን ይመጡና፣ በድምፅ ማጉያ ሁሉም ጸጥ እንዲል ካዘዙ በኋላ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ይደውላሉ። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ጫማ ማጥለቁን እንኳ ረስታ፣ መጣሁ መጣሁ እያለች ትወጣለች። ስትከፍት ፎቶ ያነሷታል። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ አስጎብኚዎም ለልቅሶው ጥቂት ደቂቃ ይፈቅዱላቸዋል።

መጥሪያውን ልነቅለው ስነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ ብትመጣስ ብላ ለመነችኝ። ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩልዎ። በሩ የሚገኘው በሕዝብ መንገድ ላይ በመሆኑ ቅሬታዬ ተቀባይነት እንደሌለው፣ በሚያምር ማኅተም መለሱልኝ። ክቡር ሆይ፣ እጸየፍዎታለሁ። ይህን የምልበት የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ አብረን እየበላን መጥሪያው ሁለት ጊዜ ተደወለ። እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

“ተወው ልጄ፣ ጎብኚዎች ናቸው” አለችኝና ምግቧን ቀጠለች።

ሄጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናትየዋ ባለመውጣቷ ጎብኚዎቹ ቅር አላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፖሊስም፣ ጋዜጣም፣ የጎረቤት ሐሜትም ከእናቴ ሊነጥቁት ያልቻሉትን እርስዎ በሁለት ወር ነጠቋት። ከእንግዲህ ልጇ ራሷ መጥታ ብትደውል እናቴ አትነሳም። መጥሪያችንን ከጉብኝቱ ያውጡልን፤ ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለም።

ለሥራዎ ያለኝን አድናቆት በምን ቃል እንደምገልጽ ቸግሮኝ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ደጅዎንም የማያውቁት ሰው እንዳይደበድበው እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
በበራሪ ወረቀትዎ ላይ “ሐዘንተኛው ወንድም” የተባልኩት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ እህቴ የትም ሆና ይህን ደብዳቤ ብታነብ፣ በምን ሌላ ምልክት በራችንን እንድታንኳኳ ልጽፍላት አስቤ ነበር። እርስዎና አስጎብኚዎም እንደምታነቡት ትዝ ሲለኝ ተውኩት።