ሥራ ፍለጋ የሄድኩበት ለቅሶ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬም ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት አላስገቡኝም። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። ደጅ ስጠና ዘጠነኛ ቀኔ ነው። የዋናው ጸሐፊ የአቶ ገለታ ላንድሮቨር በበሩ ሲገባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቀነጠስ እጅ ነስቻለሁ። ዛሬ ዘበኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እሳቸው እኮ በእግራቸው ነው የሚመጡት። መኪናው ውስጥ ያለው ሾፌሩ ነው» አለኝ። በአምቦ ምድር እንደዚያ ሾፌር የተከበረ ሰው አይኖርም።

እየሳቅሁ መጣሁ። ቤት ስደርስ ሳቁ አለቀ።

የታይፕ ሰርተፊኬቴን እስካሁን ማንም ገልጦ አላየውም። መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ነሽ? ማን ላከሽ?» ነው። የላከኝ የለም። ወደዚህ ያመጣኝ የእናቴ የአክስት ልጅ እኔ በመጣሁ በሳምንቱ ወደ ጅማ ተዛወረ።

ወንድሜ አያሌው ከቢቸና ጽፏል። እስከ ኅዳር ሚካኤል ሥራ ካልያዝሽ ተመለሺ፣ ባል ተገኝቶልሻል ይላል። ባልየውን አውቀዋለሁ፤ ከአባቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መልስ አልጻፍኩም። ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በአምቦ የማውቃቸው ሰዎች፦
የቤት አከራዬ አደ ጫልቱ፤ «አደ» እዚህ ወይዘሮ ማለት ነው።
ዘበኛው። ስሙን አላውቅም።
ሾፌሩ። እሱ ደግሞ እኔን አያውቀኝም።

ሌላ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

አደ ጫልቱ ከሰዓት በኋላ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ በር ላይ ተገትሮ ሰው አይገኝም» አሉኝ። «ሰው የሚገኘው ለቅሶ ላይ ነው። የአቶ ገለታ አማት ዛሬ ዐርፈዋል። ነገ ሹሙም፣ አስተማሪውም፣ ነጋዴውም እዚያ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው አይረሳም።»

በሰው ሬሳ ሥራ ልፈልግ? ያሳፍራል። «አይሆንም» አልኳቸው። እሳቸው ሲወጡ ነጠላዬን አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ያቀድኩት ይህን ነበር፦ መግባት፣ የሟችን ልጅ፣ የአቶ ገለታን ባለቤት ወይዘሮ አስካለን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት፣ ለአቶ ገለታ መታየት፣ መውጣት። ማልቀስ በእቅዱ ውስጥ አልነበረም።

የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አድርጌ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ከሚሉት የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሃርሜ!» እናቴ ማለት ነው። ደጋግመው ሃርሜ፣ ሃርሜ ሲሉ የራሴ እናት መጣችብኝ።

እናቴ ስትሞት አዲስ አበባ ነበርኩ። ፈተናዬን እስክጨርስ መርዶውን ደበቁኝ። ስሰማ አርባዋ እንኳ አልፎ ነበር። ያኔ የማድረው ሰው ቤት ነው፤ ሰው ቤት ደግሞ ድምፅ አውጥቶ አይለቀስም። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩት ዛሬ ወጣ። ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው ባያስቀምጡኝ እወድቅ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው ሲያዩኝ ትዝ ይለኛል።

ዓይኔ አብጧል። እጅግ አፍሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጉድ ነው የሆነው። ዛሬ አደ ጫልቱን ተከትዬ ሄጄ ውሃ ቀዳሁ፣ ንፍሮ አቀረብኩ። አቶ ገለታ ጠሩኝ። ፊታቸውን ከቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አንቺ የደንዲዋ ነሽ? የእማማ ዘመድ?» አሉ። ለካ ሴቶቹ ለቅሶዬን አይተው፣ ከሟች አገር ከደንዲ የመጣች የሥጋ ዘመድ ናት ብለው ተስማምተዋል። ባዳ እንደዚያ አያለቅስም።

አንገቴን ደፋሁ። አዎ አላልኩም። አይደለሁም አላልኩም።

«ታይፕ ታውቃለች ብለውኛል። ሰኞ ቢሮ ነይ። የራስ ሰው እያለ ለምን ባዳ እንፈልጋለን?»

ሥራ አገኘሁ! አገኘሁ፣ አገኘሁ!

ዓርብ፣ ኅዳር 5

«ሥራ አገኘሁ» ብዬ ለግድግዳው ነገርኩት። የምነግረው ሌላ የለም። አደ ጫልቱ አሉ፤ እሳቸው ግን ሲሰሙ አዩኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሠልስት ላይ ወይዘሮ አስካለ «እህቴ፣ አረፍ በይ እንጂ» አሉኝ። እዚህ ከመጣሁ እህቴ ያለኝ ሰው የለም። እሳቸውም የሚሉት እኔን አይደለም፤ የሌለችዋን የደንዲ ልጅ ነው።

ብናገር ቢቸና። ዝም ብል ሰኞ ቢሮ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ናት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከደጁ ተመለስኩ። ቀጥታ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ከመቀመጤ በፊት ሁሉንም አፈረጥኩት፦ ዘመድ አይደለሁም፣ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው።

«የደንዲ ዘመዶቼን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። «እንደማላውቅሽም አውቅ ነበር። እናቴን ብላ የምታለቅስን ሰው የማን ነሽ ብዬ ከድንኳን ላስወጣ?» ከዚያ፣ «ግን ያለቀስሽው ለማን ነበር?» አሉ።

«ለእናቴ።»

አሁን እሳቸው አለቀሱ። እናቴ ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን እንዳመማት ጠየቁኝ። ስመልስ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ባላቸው አቶ ገለታ ግን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «አታለልሽን» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰኞ ሦስት ልጆች ለታይፕ ሥራው ይፈተናሉ። አራተኛ ሆነሽ ተፈተኚ። እኔ አላውቅሽም» አሉኝ። ፍርድ ነው። ከዚህ በላይ አልጠብቅም።

ስወጣ ወይዘሮ አስካለ እስከ በር ሸኙኝ። «አርባዋ ላይ ቄሱ የእናትሽንም ስም አብረው ይጠሩላታል። የክርስትና ስሟን ይዘሽልኝ ነይ» አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የእናቴን የክርስትና ስም አላውቀውም። ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ወለተ ማን ነበረች? የዓለም ስሟን፣ የጠላ እንስራዋን ስንጥቅ ሳይቀር አውቃለሁ። ይህን አልጠየቅኳትም።

ጣቶቼን ለነገ ጠረጴዛው ላይ ሳለማምድ ዋልኩ። እጄ ከብዷል። ከሦስቱ አንዷ ፈጣን ናት አሉ።

አሁን ወረቀት አወጣሁ። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፦

«ይድረስ ለወንድሜ ለአያሌው። ሥራ አልያዝኩም። ነገ እፈተናለሁ፤ ብወድቅም አልመጣም። የእማዬን የክርስትና ስም ቶሎ ጻፍልኝ። እዚህ የጠየቀኝ ሰው አለ።»