የአባትየው ሰላምታ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወይዘሮ ዘነበች ብሔራዊ ውትድርና ለሄደው ልጃቸው ደብዳቤ ሊያጽፉ መጡ። ባላቸው አርፈው አርባቸው ወጥቷል፤ ልጁ ግን ገና አልተረዳም። መርዶ በወረቀት አይነገርም።

«አባትህ ሰላም ይልሃል በሉልኝ፣ መሪጌታ» አሉኝ።

ስንቱን ደብዳቤ የጻፍሁ ሰው እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ደረቅሁ። ሁለት ወረቀት ቀደድሁ።

«እንደሳቸው አድርገው ይጻፉት እንጂ! አነጋገራቸውን ያውቁት የለ?» ብለው ተቆጡኝ።

ያን ጊዜ ብዕሩ ሮጠ፤ እንደ ወሎ ክርስቲያን ሁሉ «ወላሂ» ብለው መማላቸው እንኳ አልቀረኝም። «አንተ ዋልጌ፣ ምነው ድምፅህን አጠፋህ? ወላሂ፣ በሬው እንኳ ናፍቆሃል!»

ሳነብላቸው ሳቁ፤ ወዲያው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ደብዳቤው ሄዷል። አሁን የምፈራው መልሱን ነው። ልጁ የሚጽፈው ለአባቱ ነው፤ ለእናቱ የማነብላቸውም እኔው ነኝ።