ለቅሬያችን የመረጥነው አፕ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለት ነው፣ ሰው ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬ ስለተበተነ፣ በስልክ የምንገናኝበት አፕ እንድፈልግ ታዝዤ ነበር። ዛሬ ሁለት አቀረብኩ። የኔ ልብ የመጀመሪያው ላይ ነበር፤ አንዱ የጻፈው ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ይህንኑ እያሞገስኩ ሳወራ የቅሬው ዳኛ እትዬ ዘይነባ፣ "አላህ አያምጣውና፣ የአንዱ አባት ቢሞት ገበያ መሐል ቆሞ ከስልኩ ሊረዳ ነው?" አሉኝ።

አፈርኩ። መርዶ በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ እንደሚነገር እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት?

እሳቸው ሁለተኛውን አፕ ነካኩና ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም የሚገባበት የጎን ክፍል ከፈቱ። ለሙከራ ያስቀሩት እኔን ነው። የሁሉም ስልክ ጮኸ፣ የኔ ዝም አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም "ይሄው ነው!" አልን። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የሰጣቸው! እኔ ስለ ስልኩ ሳስብ እሳቸው ስለ ሰው ያስባሉ።

አሁን ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬን አያለሁ። ሮቢት ያለችው እናቴ ከታመመች ሰነበተች። እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ነበር የምደነግጠው። ከእንግዲህ ዝም ሲልም ልደነግጥ ነው።