ማን አጠፋ የማይባልበት ክፍል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለአንቴናዬ፣

እንደምን አለህልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ይጠዘጥዛቸዋል እንጂ አፋቸው እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት ጠዋት እንኳ ሹራቤን አይተው “የታመመ ሰው አስመሰለሽ” ብለው ነው የሸኙኝ። በሰው እጅ የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ለጥፈውታል፤ ዜና ባየሁ ቁጥር አንተንም አያለሁ።

የሲቪል ሥራ እንዴት ነው፣ ልውጣ ወይስ ፊርማዬን ላድስ ብለህ ጠይቀኸኛል። ውሸት አልጽፍልህም፤ እፈራለሁ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ ጀምሮ ያልፈራሁበትን ቀን አላስታውስም። አንተ ፊውዝ ብለህ ስም ያወጣህልኝ፣ ጄኔሬተር አጠገቧ ሲፈነዳ ዓይኗን ያልጨፈነች ሴት፣ እዚህ የአሳንሰር በር ሲከፈት ትደነግጣለች ብልህ ታምነኛለህ?

ቢሮው አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። በር ላይ የሚፈትሽ የለም። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ቁጭ ብሏል፤ አለቃውንና ምንዝሩን በልብስ መለየት አይቻልም። አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ሸራ ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ስትመጣ ብድግ ብዬ ቀጥ ብል ወንበሩ የተሰበረ መስሏት ሌላ ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያ ወዲህ ላለመነሳት ጉልበቴን በእጄ እይዛለሁ። ድሮ ምን ትሠሪ ነበር ሲሉኝ “ያው ኮምፒውተር ነው” እላለሁ፤ ከዚያ አልፌ አልናገርም። ምኑ ይወራል፣ ምኑ አይወራም? ያንን መስመር የሚያሰምርልኝ ሰው የለም። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ዓመት የሠራሁትን ሁሉ ትቼ ስለማላውቀው ነገር ብቻ ያወራሁላቸው ይመስለኛል።

ስወጣ ያደረግሁት ያ ጫማ ትዝ ይልሃል? ሶሉ አፉን የከፈተው? የንብረት ክፍሉን ሰውዬ አዲስ ስጠኝ ስለው ሳቀብኝ። “ፊርማሽን አድሺና ነይ፤ ለሚሄድ ሰው የጫማ ክር እንኳ አላወጣም” አለኝ። በዚያ ጫማ ዝናብ እያስገባሁ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ያን ቀን ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ሥራችን የሆስፒታሎችን ሲስተም መጠበቅ ነው። ላቦራቶሪው የደም ውጤት ሲያወጣ ሐኪሙ ክፍሉ ሆኖ እንዲያየው የምናደርገው እኛ ነን። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የጠዋት ተረኛ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ገና አልገቡም። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ከሌላ አገር ሆኖ በዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሰርቨራችን ውስጥ ገብቶ ፋይል ሲያገላብጥ አየሁ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። እኛ ጋ ምን ተብለን እንዳደግን አንተ ታውቃለህ፦ መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ ሪፖርት አድርግ። እጄ እኔን እንኳ ፈቃድ አልጠየቀኝም። ሰርቨር ክፍል ገብቼ ዋናውን ኬብል ነቀልኩት።

ለትንሽ ጊዜ ኮርቼ ነበር፤ አልደብቅህም። ኬብሉን በእጄ ይዤ ቆሜ፣ አሁን ገና እንጀራዬን የሚመጥን ሥራ ሠራሁ አልኩ። ከዚያ ስልኮቹ መጮኽ ጀመሩ። አንዱ ሆስፒታል ታካሚዎቹ ተሰልፈው ካርዳቸው አይከፈትም አለ። ሌላው መድኃኒት ማዘዝ አልቻልንም አለ። ቀጥሎ አንዲት ነርስ ደወለች። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ተኝታለች፣ የደም ውጤቷ አልደረሰንም፣ ሐኪሙ እየጠበቀ ነው አለችኝ። አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው ጢማሙ የዚያን ጊዜ ገባ። ስክሪኔን አይቶ ራሱን ያዘ። ሌባ ያልኩት ሰው አለቃችን ነበረች። ለእህቷ ምርቃት ሌላ አገር ሄዳ፣ ከሆቴል ሆና ሥራዋን ትሠራ ኖሯል። መሄዷን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል። ኬብሉን ልመልስ ስል ቀዳዳው ጠፋኝ፤ ጢማሙ ነው ተቀብሎ የሰካው።

በማግስቱ አለቃዬ “ሰኞ ስመለስ ሁላችንም ቁጭ ብለን እናየዋለን” የሚል መልእክት ላከች። አንተና እኔ እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አይተናል። ቅዳሜና እሑድ እህል አልወርድ አለኝ። እናትህ ምን ሆነሻል ሲሉኝ ጥርሴን አልኳቸው፤ ቅርንፉድ ንከሺ ብለው አፌን አቃጠሉት። ከሥራው ይልቅ ያቺ ሴትዮ ነበረች እንቅልፍ የነሳችኝ። ተረፈች ወይ ብዬ ለመጠየቅ ስልኩን አንስቼ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። የማላውቃት ሰው በእኔ እጅ ሞታ ቢሆንስ? ለማን ነው ይህን የምነግረው? አንተ እንኳ ስልክ የማይገባበት ቦታ ነህ።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ኩባያዬን፣ ነጠላ ጫማዬን፣ የአንተን ትንሽዋን ፎቶ። ስብሰባው ውጭ ያለው ሁሉ በሚያየው በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም እንደ ተቀመጡ እኔ ተነሳሁ። እጄን ከጎኔ አደረግሁና ልክ እንደ ጥንቱ፣ “ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ለሚወሰንብኝ ማንኛውም ቅጣት ዝግጁ ነኝ” አልኩ። ጢማሙ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

አለቃዬ መጀመሪያ የነገረችኝ የሴትዮዋን ነገር ነው። ላቦራቶሪው ውጤቱን በወረቀት ጽፎ በሰው እጅ ልኮላቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ዘግይቶ ተሠርቷል፣ ሴትዮዋ አርብ ዕለት ቤቷ ገብታለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

“ተቀመጪ በናትሽ። እዚህ ክፍል ውስጥ ማን አጠፋ አይባልም። ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪን፣ ከመጀመሪያው።”

ነገርኳቸው። አንዷ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ ሌላው እዚህ ጋ ምን አየሽ፣ ለምን እንዲህ መሰለሽ እያለ፣ አንድም ሰው ፊቱን ሳያጠቁር ጨረስን። ሰው ሲጓዝ ለተረኛው ይነገር፣ ከመቁረጥ በፊት ለሌላ ሁለተኛ ሰው ይደወል ተባለ። አለቃዬም ውጭ እየዘነበ ነው እንደሚል ሰው፣ “ስልኬን የዘጋሁትም፣ ለእሷ ሳልነግራት የሄድኩትም እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፉት” አለች። አለቃ ሆኖ በምንዝሩ ፊት እንዲህ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ይኸውልህ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰውን ፈራሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ቅጣቱ የት እንደተደበቀ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው ነው የከረምኩት። እስካሁን አላገኘሁትም፤ ቦርሳዬን ግን አልፈታሁም። የሙከራ ጊዜዬም ገና አላለቀም።

የጄኔሬተሩ ነዳጅ ውስጥ ውኃ የተገኘ ጊዜ ትዝ አይልህም? መጀመሪያ የተጠየቀው ስም ነበር። ሁላችንም አላየንም፣ አልነበርንም አልን። አንተ በክርንህ ጎሽመህ “ሳትጠየቂ አትናገሪ፣ ብትጠየቂም አሳጥሪ” አልከኝ። ያ ውኃ በየት በኩል እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። የዚያን ቀን ምክርህ ጠብቆኛል፤ አልወቅስህም። አሁን ግን እስከ አልጋችን ድረስ ተከትሎን የመጣ ይመስለኛል።

አለቃዬ ረቡዕ ዕለት ባልሽም ይህንኑ ሥራ ይሠራል ወይ አለችኝ። ይሠራል፣ ከእኔም ይበልጣል አልኳት (ፊት ለፊት ይህን አልነግርህም)። አንድ ቦታ ክፍት አለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ልትይዝልህ ተስማምታለች። አንተ ግን የመልቀቂያ ማመልከቻውን አስገብቻለሁም አላስገባሁምም አላልክ፤ እያሰብኩበት ነው ብቻ ብለሃል። ፊርማውን ያደሰ ሁሉ ወደ ግንባር ይላካል የሚባለውን እዚህም ሰምተናል። የዚያ አካባቢ ዜና ሲነሳ እናትህ ድምፁን ይቀንሳሉ፤ እኔ ደግሞ እቃ እንደማጥብ ሆኜ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ሁለታችንም ያልሰማን እንመስላለን። አንቴናዬ፣ እኔ ያለ አንተ ይህን ኑሮ አልችለውም። ከአለቃም፣ ከሥራም፣ ከምንም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

እናትህ ፎቶህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። “ልጄን እዩት፣ ጫማው እንዴት እንደሚያምር፤ አዲስ ነው እኮ” ይላሉ። አዎ ያምራል አልኳቸው። ንብረት ክፍሉ አዲስ ጫማ ለማን እንደሚያወጣ ግን አልነገርኳቸውም።

በዚህ ቤትም ከዛሬ ጀምሮ ማን አጠፋ አይባልም። ምን እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ፣ ከመጀመሪያው። ሳላኮርፍ አነባለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ፤ መውጫህን ያሳምርልህ፤ በእግርህ ቆመህ በዚህ በር ስትገባ ያሳየን። እናትህ ግንባርህን ስመውሃል።

ያንተው ፊውዝ

አንድ ነገር ረስቼ፦ ከደብዳቤው ጋር ወፍራም ካልሲ አስገብቼልሃለሁ። አዲስ ጫማ መጀመሪያ ላይ ተረከዝ ይልጣል።