ሚስ ሊን አሸዋውን ለምን እንደመረጠች

ሰኞ

ቅዳሜ ሚስ ሊን ጋ አብረን ሄደን ይወሰናል። እማዬ እራት ላይ ነገረችኝ። እንደ እማዬ ሐሳብ ከሆነ ከዚህ ወር በኋላ ሚስ ሊን ጋ መሄድ አቆማለሁ፤ ከዚያ በኋላ እህት ሕይወት ናት የምታየኝ። እማዬ ምክንያቶቿን በጣቷ ቆጠረችልኝ። ሚስ ሊን ያለችው ድሮ ሰፈራችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እኛ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተዛወርን ወዲህ ባቡር ቀይሬ ከአንድ ሰዓት በላይ እሄዳለሁ። እህት ሕይወት ሐበሻ ናት፣ በቋንቋዬ ታናግረኛለች። ስድስት ወር ሙሉ ተመላልሼም እማዬ ያየችው ለውጥ የለም።

ሚስ ሊን ከቻይና የመጣች የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ወደ እሷ የላከኝ የድሮው ትምህርት ቤቴ ነው፣ ክፍል ውስጥ ስለማልናገር። መናገር አቅቶኝ አይደለም። ቤት እናገራለሁ።

እህት ሕይወትም አማካሪ ናት፣ ፈቃድ ያላት። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ትዘምራለች፣ እማዬንም ታውቃታለች፣ ለአባዬ ቪዛም ትጸልያለች። ሁሉም ይጸልያሉ። አባዬ ግን አይመጣም። አዲስ አበባ ሌላ ቤት አለው፣ ልጅም ወልዷል። እኔ አውቃለሁ፣ እማዬም ታውቃለች፤ ተነጋግረን ግን አናውቅም። ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ሰው ሚስ ሊን ብቻ ናት። ለእሷም በቃል አልነገርኳትም። እሷ ጋ አሸዋ የሞላበት ሳጥን ውስጥ ትንንሽ አሻንጉሊቶች እያስቀመጥኩ ነው የምናገረው። አባዬ ያደረግኩትን ትንሹን ሰውዬ ከአሸዋው ሳጥን ውጭ፣ ሌላ ትንሽ ቤት አጠገብ አስቀመጥኩት። አየችው።

እምቢ ማለት ፈልጌ "እሺ" አልኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "ሂር" አልኩ። ድምፅ ነበረው። ሌላ ጊዜ እጄን ብቻ ነው የማነሣው።

ማታ ደግሞ እማዬ ራሷ ዕድል ሰጠችኝ። "ሐኪም እንኳ ኪኒን ሲሰጥ ለምን እንደሚሰጥ ይናገራል" አለች። "ያቺ ሴትዮ የምታሠራሽን ለምን እንደምታሠራሽ ጠይቂያት። ቻይና ሁሉም እንደዚህ ነው? መልሷ ከገባኝ አስብበታለሁ።"

አስብበታለሁ ማለት ለእማዬ ብዙ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ታች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወርጄ፣ ማድረቂያው ሲጮህ እኔም ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ማንም አልሰማኝም።

ረቡዕ

ጠየቅኳት። አራቱንም። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ጠፋ፣ ጠበቀችኝ፣ ተመለሰ።

መጀመሪያ ሳቀች። ቻይና ሳለች ወላጆች "በስንት ጊዜ ይድናል?" ነበር የሚሏት፤ ለምን በዚህ መንገድ ትሠሪያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ከዚያ ቁም ነገር አድርጋ መለሰችልኝ። እንዳልረሳው ባቡር ውስጥ ጻፍኩት።

ድሮ አስተማሪ ነበረች። ይሄን ሙያ የተማረችው ቅዳሜና እሑድ በሚሰጥ ኮርስ ነው። ወደ ከተማቸው የመጣው መምህር የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ስለነበረ የእሷም መንገድ እሱ ሆነ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንይዘው ያስተማረንን ሰው መንገድ ነው አለች። የመምህሩ መንገድ ማዳመጥ ነበር። የሚመጡት ሰዎች ግን ማዳመጧን አልወደዱላትም። አንድ አባት "እኔ አንቺን ልሰማ መጥቼ አንቺ እኔን ትሰሚያለሽ?" ብሏት ተነሥቶ ሄደ። (እዚህ ላይ እማዬ ትዝ አለችኝ።) ስለዚህ ለወጠች። ምክር መስጠት ጀመረች፣ የቤት ሥራ፣ የሚሞላ ሠንጠረዥ። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፣ አሁንም ለአንዳንዱ ሰው እሱን ታወጣለች። አብራት የተማረች ጓደኛዋ እስከ ዛሬ ከሠንጠረዥ ሌላ አትነካም፤ ሰዎቿ ቶሎ ውጤት ማየት ስለሚፈልጉ።

በኋላ እናቷ ሞተችባት። እሷም በተራዋ አማካሪ ጋ ሄደች። ሰውየው "ጠንክሪ" ብሎ ወረቀት ሰጣት። ባዶውን መለሰችለት። ቆይታ አሸዋ ያላት ሴት አገኘች። አሸዋው ላይ ምን እንዳስቀመጠች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

"አሁን ዘዴውን አስቀድሜ አልይዝም" አለችኝ። "መጀመሪያ ማን እንደመጣ አያለሁ።"

እኔ ላይ ተሳስታ እንደነበርም ራሷ ተናገረች። እውነቷን ነው። መጀመሪያ ለስሜቴ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር የምሰጥበት ወረቀት ሰጥታኝ ለሁሉም አምስት ጻፍኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አርባ ደቂቃ ዝም ብዬ፣ መደርደሪያዋ ላይ ያሉትን ትንንሽ አሻንጉሊቶች በቁመታቸው ደረደርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ የአሸዋው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"አንቺስ ብትመርጪ የትኛውን ትመርጫለሽ?" አለችኝ።

"ይሄንን" አልኩ። ወዲያው። ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ከሆቴል ሥራዋ ገብታ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ነበር። ተነሥቶ የሄደው አባት ላይ ስደርስ "እውነቱን ነው" አለች። ስጨርስ "ብልህ ሴት ናት" አለች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ስልኳን አንሥታ እህት ሕይወትን ኮል አደረገች። "እህቴ፣ አሸዋ አለሽ እንዴ? ሳጥን ውስጥ የሚሆን። ልጅቷ በሱ ነው አሉ የምትሠራው።" እህት ሕይወት ስትስቅ እኔም ጋ ይሰማል። አሁን የላትም፣ ግን ታዝዛለች፣ አሠራሩንም ተምራዋለች።

"ይኸው፣ አሸዋውም ተገኘ" አለችኝ እማዬ። ደስ ብሏት ነው። ውለታ የዋለችልኝ ነው የመሰላት።

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። የነገርኳት ስለ ዘዴው ብቻ ነው። ሚስ ሊንን የምፈልጋት ከእኛ ሰዎች ማንንም ስለማታውቅ ነው አላልኳትም።

ዓርብ

የጸሎት ፕሮግራም። እህት ሕይወት አቀፈችኝ። "የኔ ቆንጆ፣ አሸዋሽ ሰኞ ይደርሳል። አባትሽስ፣ ኤምባሲ ጠሩት? እየጸለይንበት እኮ ነው።" ገና ነው ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት በቀለለኝ።

ሳስበው እንዲህ ነው፦
ለእሷ መዋሸት አልችልም።
እውነቱን ብነግራት ለማንም አትናገርም። ግን እሑድ እሑድ እማዬን እያወቀች ነው የምታያት።
እማዬ ደግሞ ሰው ሲያዝንላት ከዓይኑ ታውቃለች።

ነገ ሚስ ሊን ጋ አብረን እንሄዳለን። እናገራለሁ። በምን እንደምጀምር ብቻ ነው የማላውቀው።

ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ሚስ ሊን ለእማዬ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አዘጋጅታ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ረጋ ያለ የሐበሻ ድምፅ "ጤና ይስጥልኝ እናቴ" አለ። እማዬ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ሚስ ሊን እኛ ቤት ማን ማን እንደሚኖር ጠየቀች፣ ሰውየው ተረጎመ። እማዬ ስልኩን ታየዋለች። "እናቴ፣ ይሰማዎታል?" አለ። እማዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? ድምፁን የማውቀው መሰለኝ። የኛ ቸርች ሰው ቢሆንስ? ዝጊው በያት።"

ለሚስ ሊን ነገርኳት፣ ሰውየውን አመስግና ዘጋችው።

"እማዬ፣ እኔም እህት ሕይወት ጋ እንዲህ ነው የምሆነው" አልኩ። "አባዬ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ራሱ ነግሮኛል።"

እማዬ መደርደሪያውን ነው የምታየው። "መቼ?" አለች።

"አምና።"

"አንድ ዓመት ሙሉ" አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። ሚስ ሊን ከምንለው አንድም ቃል አልገባትም፣ ግን አላቋረጠችንም። ሶፍቱን አንሥታ ከሁለታችን መሀል አስቀመጠችው፣ ወደ ማናችንም አላስጠጋችውም።

ልንወጣ ስንል እማዬ በሆቴል እንግሊዝኛዋ "ሺ ስቴይ ዊዝ ዩ" አለቻት። ባቡር ውስጥ እስከ አሌክሳንድሪያ እጄን ይዛኝ ነበር።

እሑድ

እማዬ እህት ሕይወትን ከመዝሙር በኋላ ጥግ ይዛ፣ በከንቱ አስቸገርኩሽ፣ ልጅቷ እዚያው መቆየት መርጣለች አለቻት። ትቀየማለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቀየመችም። ወደ እኔ መጥታ ቀስ ብላ "የሚያውቁትን ሰው ማየት ለእኛ ለአማካሪዎችም አይመከርም፤ እናትሽን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው" አለችኝ። ስለዚህ እሺ ማለት የሚቀናን ሦስት ነን፤ እሷ፣ እማዬና እኔ።

በር ላይ አንዲት አሮጊት ስለ አባዬ ቪዛ ጠየቁ። እማዬ ሁልጊዜ "በቅርቡ" ነው የምትለው። ዛሬ "እኔ እንጃ፣ እናቴ" አለቻቸው። አሮጊቷም እኔም ፈዘን ቀረን።

አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ "ያቺ ሴትዮ ትልቅ ሰው ታያለች?" አለችኝ።

እጠይቃታለሁ አልኩ። ካላየች ሌላ እናገኛለን፣ የማያውቀን ሰው። ማን እንደሚያስተረጉምላት አላውቅም፤ እኔ መሆን እንደሌለብኝ ግን አውቃለሁ። ሠንጠረዥ ይሁን ሌላ፣ ምን እንደሚያወጡላትም አላውቅም። አሸዋውን አይመስለኝም። እማዬ ቁጭ እንዳለች "እሺ፣ ምን ላድርግ?" ነው የምትለው። አማካሪዋ ማንም ትሁን ማን፣ ለመጀመሪያው ቀን እንኳ አንድ መልስ ትስጣት።